በአማርኛው በኩል አንብቡት

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። ጠበቃ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ክፍል ነው፤ ደረሰኝ ስለጥፍ፣ ቫውቸር ስፈርም፣ ከፕሮጀክት ሰዎች ጋር በውሎ አበል ስጨቃጨቅ። ሕግን ያወቅሁትም በዚያው በኩል ነው።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በ2001 ሲወጣ የምሠራበት ማኅበር ትንሽ ነበር። ስምንት ሰው፣ አንድ ያረጀች መኪና። ከአዋጁ ሁሉ ሰው አፍ ላይ የቀረው “አሥር በመቶ” የሚለው ነው። በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት መሥራት የተፈቀደው “የኢትዮጵያ” ለተባሉ ድርጅቶች ብቻ ሆነ። እንዲህ ለመባል ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ገቢ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። አባላቱ በሙሉ የአገሬው ሰዎች ሆነው ገንዘቡ ከውጭ ከሆነ “የኢትዮጵያ ነዋሪዎች” ይባላል። አንዲት ቃል ናት የተጨመረችው። ከዚያች ቃል ጋር ግን ስለ መብት መናገር ቀረ።

መንግሥት ያኔ ያቀረበው ምክንያት “ፖለቲካ ነክ ጉዳይ የዜጋ ነው፣ በውጭ ገንዘብ አይሠራም” የሚል ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ መሆኑን አትርሱ። ደግሞ ሐቁን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። ለጋሹ ርዕስ ሲቀይር እኛም አብረን ስንቀይር ኖረናል። ዘንድሮ ኤችአይቪ፣ ለከርሞ የአየር ንብረት። ይሄ አያኮራም።

ዘጠናውን በመቶ ከአገር ውስጥ አምጡ ማለት ግን አፍ ላይ ይቀላል። ሕዝባችን ይሰጣል። ለቀብር፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለታመመ ጎረቤት ይሰጣል። ባሏ ደብድቧት ፍርድ ቤት ለምትቆም ሴት ጠበቃ ግዙላት ብትሉት ግን “ሽማግሌ አይሻልም?” ይላችኋል። ሞክረነዋል። የራት ግብዣ አዘጋጅተን ያወጣነውን እንኳ አልመለስንም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) በመብት ሥራቸው ለመቀጠል ወሰኑ፤ የባንክ ሒሳባቸው ታገደ፣ ቅርንጫፍ ዘጉ፣ ሠራተኛ አሰናበቱ።

እኛ ሌላውን መንገድ መረጥን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሆነን ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥንና “መብት” የሚለውን ቃል ከሰነዶቻችን ማደን ጀመርን። ባገኘነው ቁጥር “ተጠቃሚነት” እንተካለን። “የሴቶች መብት” “የሴቶች ተጠቃሚነት” ሆነ። መጨረሻ ላይ “የቅጂ መብቱ የተጠበቀ ነው” የሚለው ላይ ስንደርስ አንዱ ሳያስብ ተካው። “የቅጂ ተጠቃሚነቱ የተጠበቀ ነው” ተብሎ ታተመ። አሁን ያስቃል። ያን ቀን ግን ያሳቀው ሰው አልነበረም፤ ማንም አላየውማ።

ያንን ሁሉ ሰርዙ ብሎ ያዘዘን ሰው አልነበረም። እኛው ነን የሰረዝነው። አዋጁን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ደግሞ ከአምስታችን አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እኔ አይደለሁም።

በዚያው ሰሞን አንድ እድር ዘንድ ሄድኩ። ልጃገረዶችን ያለ ዕድሜያቸው ስለ መዳር አባላቱን እንድናወያይ ዳኛውን ለመንኩ። “አይ ወንድሜ፣ የኤንጂኦ ሕግ ወጥቷል እኮ፣ እድራችንን ያዘጉብናል” አሉኝ። አመንኳቸው፣ ተመለስኩ። አዋጁ እድርና እቁብን እንደማይመለከት ፊት ለፊት ጽፎት ነበር። ይህን ያነበብኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ሌላ ነገር ስፈልግ። እኚያ ሰው በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ከዚያ “ሰባ ሠላሳ” መጣ። ከወጪያችሁ ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳይውል ማለት ነው። ሲሰሙት ማን ይጠላዋል? ችግሩ “አስተዳደራዊ ወጪ” ምንድን ነው የሚለው ላይ ነበር። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው መመሪያ ሰፊ አደረገው፤ የአሠልጣኝ አበል፣ ለክትትል የሚወጣ የጉዞ ወጪ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር። የእህል ማከፋፈል ለሚሠራ ድርጅት አያስጨንቅም። ሥራችሁ ሰው ማሠልጠን ከሆነ ግን ሥራው ራሱ “አስተዳደር” ሆነ ማለት ነው። አንድ ሥልጠና ላይ መስማት የተሳናቸው ስድስት ወጣቶች ተመዝግበው ነበር። ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሦስት ቀን አበል የሚጠይቀው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሠላሳው ሞልቷል። አልፈረምኩም። ወጣቶቹ አልመጡም።

በ2011 ያ አዋጅ ተሽሮ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። የአሥር በመቶው ነገር ቀረ፤ ድርጅት በማንኛውም ሕጋዊ ዓላማ መሥራት፣ ከውጭም ከውስጥም ገንዘብ ማግኘት፣ ገቢ ለማሟላት መነገድ ይችላል። ድርጅቶችን በሚመዘግበውና በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ውሳኔ ቅር ያለው ለባለሥልጣኑ ቦርድ፣ ከዚያም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ችግሩ ሁሉ አበቃ ማለቴ አይደለም። በ2017 ኢሰመጉን ጨምሮ የተወሰኑ የመብት ድርጅቶች ታግደው ቆይተዋል፣ በኋላ ነው እግዱ የተነሣላቸው።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት የበጀት ሠንጠረዥ ይዛ ቤት መጣች። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው አሁን 20 በመቶ ነው፣ እሷም ጨንቋታል። “አለቃዬ የሥልጠናውን ቀን ቀንሺ አለኝ” አለችኝ። አዋጁን አንብበሻል ወይ ስላት ስልኳን አወጣች። በእንግሊዝኛው በኩል ነበር የምታነበው። ፕሮፖዛሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልማድ ሆኗል። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ቢታተሙም፣ ልዩነት ቢመጣ የሚጸናው አማርኛው ነው።

አንቀጽ 63ን በአማርኛ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ጀመረች። የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ ውሃና መብራት፣ የጠበቃ ክፍያ። ቀና ብላ አየችኝና እንደገና ከላይ ጀመረች።

“የአሠልጣኝ አበል የለም እኮ” አለች።

የለም።