ባዶውን ሲሄድ ከኋላ የሚንኳኳ ፒክአፕ

ወንድሜ፣ ሃይሉክስህ ባዶውን ከኋላ ይንኳኳል፣ ሲጫን ዝም ይላል ብለሃል። ሾክ ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ የባሌስትራውን (ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመውን የተነባበረ ብረት) ጎሚኒዎች፣ ማለትም ጫፎቹ ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ እይ። ጎሚኒ ሲያልቅ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጭነት ክፍተቱን ተጭኖ ይይዘዋል፣ ባዶ ሲሆን ይለቀዋል።

ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ አንድ ሰው ካሶኒውን ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዘው። አንተ የባሌስትራውን ጫፎች ከውጭ በእጅህ ዳስስ። ምቱ ይሰማሃል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ከላሉ ግን ሳትውል ሳታድር አስጠብቅ፤ እሱ አደገኛ ነው።

ጎሚኒ ስታስቀይር የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ቆሞ ይሁን። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘላል፣ አጠገባቸው ቆመህ አሠራ።

ድምፁ ሲጥ ሲጥ ከሆነ የአዳማ አቧራ በባሌስትራው ንብርብሮች መሃል ገብቶ ይሆናል፤ በደንብ አሳጥበው። ጎሚኒውን ግን የተቃጠለ ዘይት አታስቀባው፣ ላስቲኩን ይበላዋል።