መንገድ መዝጋት ይፈቀዳል፤ መረቡን ግን አውጡት

ለሮቦት ውድድር የምትዘጋጁ ልጆች ጥያቄ ባጭሩ ይኸው፦ ሮቦታችሁ ግጥሚያው ሲጀመር በላስቲክ ተፈናጥረው የሚዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉት። በመሃላቸው መረብ ተወጥሯል። ተጋጣሚ ወደ ግቡ እንዳይደርስ ያግዳል። ከግጥሚያ በፊት የሚደረገውን የሮቦት ፍተሻ አልፋችኋል፣ ሌሎች ቡድኖች ግን ሕገወጥ ነው እያሉ ነው።

ክርክሩ ቦታውን ስቷል። መከላከል የጨዋታው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈርስት በተባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ጨዋታ ላይ ከሜዳው ማዶ ሆነው ዲስክ የሚወረውሩ ሮቦቶች ነበሩ፣ እነሱን ለመመከት ደግሞ ረጅም መከለያ ያቆሙ ቡድኖች ነበሩ። ዳኛ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ስትዘረጉ ስፋታችሁ ስንት ነው? የሌላውን ሮቦት ትጠልፋላችሁ? ሌላውን ሮቦት አግታችሁ፣ ማለትም መንቀሳቀሻ አሳጥታችሁ፣ ምን ያህል ትቆያላችሁ?

እኔን የሚያሳስበኝ መረቡ ነው። አንድ ትርፍ ጎማና ጫፉ የወጣ ብሎን ያዙና መረቡ ላይ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። አንድ ቦታ እንኳ ከያዘ ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲመጣማ ይጠመጠማል፣ ያኔ "አስበን አይደለም" ማለት ብዙም አያድናችሁም፣ ምክንያቱም መረቡ ራሱ ለመጥለፍ የተሠራ ይመስላል። አውጡትና በቦታው ጠርዙ የተሞረደ፣ ገጹ ለስላሳ የሆነ ጠንካራ የፕላስቲክ ሉህ አድርጉ። ቬክስ በተባለው ሌላ የሮቦት ውድድር ላይ ከሆናችሁ ውፍረቱ ከ0.070 ኢንች እንዳይበልጥ፤ የመጠን ገደብም ስላለው ሳትቆርጡ ሕጉን እዩ።

ስፋቱን ስትለኩ ክንዶቹን በእጅ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ለኩ። ሲጋጭ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ማጠፊያውም ይላላል። ለምሳሌ ቬክስ ላይ ሲጀመር 18 ኢንች በ18 በ18 ውስጥ መግባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ገደብ ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያልና የዘንድሮውን መመሪያ አንብቡ። የአምናውን አትመኑ።

ማገት ላይ ደግሞ ሰዓቱ አጭር ነው። ትልቁ የፈርስት ውድድር እ.ኤ.አ. በ2024 5 ሰከንድ የነበረውን የማገት ገደብ በ2025 ወደ 3 አወረደው። ስለዚህ ከነጂው አጠገብ የሚቆመው ልጅ ጮክ ብሎ ይቁጠር፣ ነጂውም ሳይነገረው ወደኋላ መሸሽን ይልመድ። ጥግ ላይ የተያዘ ሮቦት ፊት ክንድ ዘርግቶ መቆም ቅጣት መለመን ነው።

ፍተሻ ማለፋችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ፈታሹ ያየው የቆመ ሮቦት ነው። ሜዳ ላይ የሚወስነው ዋና ዳኛው ነው፣ ቪዲዮ ብታሳዩትም አያይላችሁም። ስለዚህ አሁኑኑ ለውድድሩ ይፋዊ የጥያቄና መልስ ገጽ ጻፉ። "ሮቦታችን ሕጋዊ ነው ወይ" አትበሉ፣ ለዚህ መልስ አታገኙም። የሕጉን ቁጥር ጥቀሱና "ተጋጣሚ ራሱ መጥቶ ከተዘረጋ ጠንካራ ሉህ ጋር ቢጋጭና ቢቆም፣ ይህ እንደ ማገት ይቆጠራል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አትማችሁ ግጥሚያው ሳይጀመር ለዋና ዳኛው አሳዩት።