የማይነድ «ነዳጅ»

ጥያቄ፦ «ሳተላይት ምህዋር ለመቀየር ብዙ ነዳጅ ይፈጃል» የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። አንዳንዶቹ ግን የሚጠቀሙት ዜኖን የተባለውን የማይነድ ጋዝ ነው። የማይነድ ነገር ነዳጅ ይባላል?

መልስ፦ እኔን ከጠየቁኝ አይባልም። «ወሰደ» «ወሳጅ»ን፣ «ወደደ» «ወዳጅ»ን እንደሚያስገኝ «ነዳጅ»ም ከ«ነደደ» የወጣ የአድራጊ ስም ነው፤ «ነዳዲ» የነበረው በሣልሱ (በ«ኢ») ድምፅ ስበት ዲው ወደ ላንቃ ሄዶ ጅ ሆነ። በግእዝም ዘሩ ያው መንደድ ነው፤ «ነደ እሳት» የእሳት ነበልባል ነውና።

«ነዳጅ ማለት የሚያነድ ስለሆነ ኃይል ለሚሰጥ ሁሉ ይስማማል» የሚሉ አሉ። የሚያነደውማ ከ«አነደደ» ወጥቶ «አንዳጅ» ነው! ልዩነቱ ደግሞ ጠፈር ላይ ከሰዋስው አልፎ የሚመዘን ነገር ነው። በዚያ የሚያነድ አየር ስለሌለ መንኮራኩር ሁለቱንም ተሸክማ ትወጣለች። ስፔስ ሸትል በተባለችው የአሜሪካ ተመላላሽ መንኮራኩር የምሕዋር ሞተሮች ነዳጁ ሞኖሜቲልሃይድራዚን፣ አንዳጁ ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ነበር፤ እንደተነካኩ ይቀጣጠላሉ። ለ1 ኪሎ ነዳጅ 1.65 ኪሎ አንዳጅ ይሄዳል። ስለዚህ «ነዳጅ ፈጀ» ከተባለው ክብደት የሚበዛው ነዳጅ አይደለም።

«ምህዋር ለመቀየር» የሚለውም ልል አነጋገር ነው። ከፍታን ከ400 ወደ 800 ኪሎ ሜትር ማሳደግ በሰከንድ 0.22 ኪሎ ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ብቻ ይጠይቃል። የሚከብደው ዝንባሌን፣ ማለት ምሕዋሩ ከምድር ወገብ አንጻር ያዘነበለበትን ማዕዘን፣ መቀየር ነው። በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር የምትበር መንኮራኩር ጎማ የሚነክስበት መሬት፣ ክንፍ የሚደገፍበት አየር የላትም፤ የነበረችበትን አቅጣጫ ፍጥነት በሞተር ግፊት አጥፍታ በአዲሱ አቅጣጫ መፍጠር አለባት። ለአንድ ዲግሪ 0.13፣ ለ60 ዲግሪ ሙሉውን 7.6 ትከፍላለች። ሸትል በ2009 እ.ኤ.አ. ሃብል ቴሌስኮፕን ልትጠግን ስትሄድ አደጋ ቢደርስባት ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መሸሽ አትችልም ነበር። ሃብል 28.5 ዲግሪ፣ ጣቢያው 51.6 ዲግሪ ዝንባሌ ላይ ናቸው፤ ልዩነቱን ለመሻገር በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል፣ የሸትል ሞተሮች አቅም ግን 0.3 ገደማ ነበር። ለዚህም ሌላ ሸትል፣ ኢንዴቨር፣ ለነፍስ አድን ማስወንጨፊያው ላይ ቆማ ጠበቀች።

ብዙ ሳተላይቶች የሚይዙት ሃይድራዚን ብቻውን ነው፤ እሱም እዚያ አይነድም፣ ኢሪዲየም በተባለ ብረት ቀስቃሽነት ይፈራርስና ጋዝ ሆኖ በሰከንድ 2.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ የ3 ኪሎ ሜትሩን የፍጥነት ለውጥ ለማግኘት ከ1,000 ኪሎ ሳተላይት 750 ኪሎ ያህሉ ሃይድራዚን መሆን አለበት፤ መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገው እስከዚያው ራሱ የሚገፋ ሸክም ነውና። በኤሌክትሪክ ተገፍቶ በሰከንድ 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወረወረው ዜኖን እጅግ ያነሰ ይበቃዋል፣ ሥራው ግን ወራት ይፈጃል።

ለሁሉም የሚሆነው ስም «ገፊ» ነበር። ወተት ገፊን ያስታውሳል ብለው የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ሆኖም ጋዜጠኛውም መሐንዲሱም «የዜኖን ነዳጅ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፣ አንባቢም ይገባዋል፤ ስለዚህ ቢጽፉት ስሕተት ነው አልልም፣ ደስ ባይለኝም። «ምሕዋር»ን ግን በሐመሩ ሐ ይጻፉልኝ፤ እንደ «ሐዋርያ» ሁሉ ከ«ሖረ» የመጣ ነው።