መልስ፦ የሕክምና ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ሐዋሳ ባዮሎጂ እየተማርሽ ሥዕል እንደምትወጂ ነግረሽን፣ ሁለቱን አጣምሮ በሕክምና ሥዕል፣ ማለትም የሰውነት ክፍሎችን ለሐኪምና ለተማሪ በሥዕል በማሳየት፣ መኖር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል፤ ግን ጥርጊያ መንገድ አትጠብቂ።

ሙያው በወጉ የሚሰጠው በአብዛኛው ሰሜን አሜሪካ ነው፣ ያውም በማስተርስ። ጀርመናዊው ማክስ ብሮደል በ1911 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሙያውን የመጀመሪያ ትምህርት ክፍል ከፈተ። ዛሬም እዚያ ለመግባት የሳይንስ ኮርሶችና ጠንካራ ፖርትፎሊዮ (የሥዕሎችሽ ስብስብ) ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ባዮሎጂውን እንዳትተዪው!

ፖርትፎሊዮውን አሁኑኑ ጀምሪ። አናቶሚ ላብ (የሰው አካል የሚጠናበት ክፍል) የሚያስገባሽ ሰው ካገኘሽ የእጅ አንጓን 8 ትንንሽ አጥንቶች ከፊትም ከጀርባም ሳዪ። ጥላውን ለማሳመር አትቸኩዪ። መጀመሪያ የትኛው አጥንት ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም በግልጽ ይታይ፤ ሐኪም ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የታካሚ ፎቶ ደግሞ ያለ ፈቃድ እንዳትነኪ።

ናይጄሪያዊው ቺዲየበሬ ኢቤ ሙያውን በራሱ ጥረት ተምሮ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ጥቁር ቆዳ ያለው ፅንስ የሚያሳየው ሥዕሉ ዓለምን አነጋገረ። እኛ ጋ ግን ለዚህ ብቻ ደሞዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። በጤና ትምህርት ፖስተርና በመምህራን ጽሑፎች ጀምሪ። «ለልምድ ይጠቅምሻል» ብለው በነፃ የሚያሠሩ አይጠፉም፤ ዋጋሽን ቀድመሽ ተናገሪ።