ጨለማው ወራት ሲገባ፦ ለአገልጋዮች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞችና እኅቶች። ስቶክሆልም በነርስነት እየሠራሁ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ኅዳር በገባ ቁጥር ስለ ጨለማው፣ ስለ ብርዱና ስለ ድካሙ በየስልኩ የምትጠይቁኝን ዛሬ እዚሁ አውጡት፤ እስከ ማታ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ስትጠይቁ ደግሞ ከተማችሁን፣ የምትነሡበትን ሰዓትና የምትወስዱትን መድኃኒት ጻፉልኝ።

ዲያቆን፣ ከጎተንበርግ፦ እኅታችን፣ ከአገር ቤት ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዓምና ከኅዳር ጀምሮ እንቅልፍ አልጠግብ አልኩ፤ ዳቦና ጣፋጭ ብቻ ነበር የሚያሰኘኝ። ለኪዳን መነሣት ተራራ ሆነብኝ። መንፈሳዊ ስንፍና መስሎኝ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ዘንድሮም እየጀማመረኝ ነው። መድኃኒት አልወስድም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለንስሐ አባትህ መናገርህ መልካም ነው፤ ስንፍና ነው ብለህ ራስህን መክሰሱን ግን ተው። በብርድ ወራት መጥቶ ጸደይ ሲገባ የሚለቅ ድብርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ መርምረው «ወቅታዊ ድብርት» (በእንግሊዝኛ SAD) የሚል ስም ሰጡት። ምልክቶቹ ልክ አንተ የጻፍካቸው ናቸው፦ እንቅልፍ ማብዛት፣ ዳቦና ጣፋጭ መፈለግ። ከሰው መሸሽም አለበት።

ምክንያቱን አስበው። አዲስ አበባ በታኅሣሥ እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አላት። እዚህ ስቶክሆልም በዚያው ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ዓይናችን ውስጥ ከማየት ሌላ ሥራ ያላቸው ሕዋሳት አሉ፤ ጧት ብርሃን ሲያገኛቸው «ነግቷል» ብለው ለአንጎል ይናገራሉ። ያ ምልክት ካልደረሰ ሰውነት ቀኑን ሙሉ እንደ ሌሊት ይውላል። የቤት አምፖል ደማቅ ቢመስለንም ብዙውን ጊዜ ከ500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይበልጥም። ለሕክምና የሚውለው መብራት 10,000 ሉክስ ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። እንደተነሣህ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በየቀኑ። አምራቹ በጻፈው ርቀት ተቀመጥ፤ ብዙዎቹ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይላሉ። ራቅ ካልክ ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ትክ ብለህ አትየው፤ ወደ ጎን አድርገህ ዓይንህን ገልጠህ ሌላ ሥራ ሥራ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ከዳዊቴ በስተግራ አቆመዋለሁ፤ የዕለቱን ዳዊት ደግሜ ስጨርስ ጊዜውም ይሞላል። ማታ አታብራው፤ እንቅልፍህን ያባርረዋል። የባይፖላር ሕመም (ስሜት ከድብርት ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚገለባበጥበት) ወይም የሬቲና፣ ማለትም የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጀምር። ተስፋ የሚያስቆርጥ ሐሳብ ከመጣብህ በስዊድን የጤና ምክር መስመር 1177 ደውል፤ ሕይወትህን የማጥፋት ሐሳብ ከሆነ ደግሞ የድንገተኛ መስመር 112፣ ያኔውኑ።

ከሄልሲንኪ፦ ጧፍ በብዛት ባበራስ አይተካም?

መልስ፦ አይተካም። አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው 1 ሉክስ ያህል ነው። ጧፉ ለጸሎት ይሁን፤ አብርታችሁ እንቅልፍ እንዳይጥላችሁ።

ከኦስሎ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና አባቶቻችን የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ በረዶ ምሽግ ውስጥ ተዋግተዋል። ያኔ መብራት ማን ሰጣቸው? እኛ ትንሽ ጨለማ አልቻልንም?

ከማልሞ፦ ልክ ነህ። አባቴ ሲተርክ ስለ ብርዱ እንጂ ስለ ድብርት አንድም ቀን አላነሣም።

ከኡሜዮ፦ ስላላነሡት አልነበረም ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን ማን ያወራዋል?

መልስ፦ የቃኘውን ስም በክብር እጠራለሁ። ግን ካርታ እንይ። ቃኘው ኮሪያ የገባው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ መታሰቢያቸው የቆመባት ቹንቾን የሰሜን ኬክሮስ 38ኛው መስመር አጠገብ ናት፤ ከእኛ እጅግ ወደ ደቡብ። እዚያ በታኅሣሥ አጭሩ ቀን እንኳ ከ9 ሰዓት በላይ ብርሃን አለ። ብርዱ መራራ ነበር፣ ፀሐዩ ግን ነበራቸው፤ ቀኑን የሚውሉትም ውጪ ነው። ዲያቆናችን ግን በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። የጀግኖችን ስም ለታመመ ወንድም መውቀሻ አታድርጉት። ይህ ክርክር እዚህ ይብቃ።

ከጎተንበርግ፣ እናት፦ ልጄ፣ ቫይታሚን ዲ ውሰዱ ይላሉ። በጾም ይቻላል? ከበግ ፀጉር የሚሠራ ነው ሲሉም ሰማሁ።

መልስ፦ እማማ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ብዙው ዲ3 ከበግ ፀጉር ቅባት ይወጣል፣ ሽፋኑም አንዳንዴ ከእንስሳት የሚሠራ ጄላቲን ነው። «ቪጋን» የሚል ተጽፎበት ከድንጋይ ሽበት የሚሠራ አለ፤ ፋርማሲ ይጠይቁ። እዚህ ሰሜን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ቫይታሚኑን አይሠራም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ቀድሞውኑ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ጾመ ነቢያት ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ በዓመቱ ጨለማ ሳምንታት ላይ ይውላል፤ ወተትና እንቁላል የለም። ስለዚህ ቫይታሚን የተጨመረበትን የአጃ ወተት ይምረጡ። ካንታሬል የሚሉት ቢጫ እንጉዳይም ይህ ቫይታሚን አለው። በእነዚህ አገሮች ለአዋቂ የሚመከረው በቀን 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚያ በላይ ደም ሳይመረመሩ አይውሰዱ፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። መብራቱም ቫይታሚን ዲ አይሰጥም፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ከበርገን፦ ዓሣ እያለ እንጉዳይ ምን አስፈለገ? በጾመ ነቢያት ዓሣ ይበላል።

ከሄልሲንኪ፦ ማን ፈቀደው? እኛ ጋር አይበላም።

ከበርገን፦ እኛ ጋር አባቶች ፈቅደዋል።

ከማልሞ፦ ሥጋ አይደለም እንዴ ዓሣ?

መልስ፦ የጾም ጥያቄ ለንስሐ አባታችሁ። እኔ ነርስ ነኝ።

ቀሲስ፣ ከሉሌኦ፦ ልጄ፣ የምንገለገልበት የተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ወለሉ ድንጋይ ነው። ማኅሌት ቆመን ስናድር ከጉልበት በታች እግራችንን አናውቀውም። ጋቢ ደርበንም ይዘልቀናል።

መልስ፦ አባቴ፣ ይፍቱኝ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ሲደርቅ ያሞቃል፣ በረዶና ላብ ሲነካው ግን ውኃ ይዞ ያቀዘቅዛል። ከቀሚሱ ሥር፣ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ስስ የሱፍ ልብስ ይሁን፤ ጋቢው ከላይ ይሁን። ለእግር ስስ የሱፍ ካልሲ፣ በላዩ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፤ ሲደራረብ ግን እንዳይጠብቅ፣ ደም ካልዞረ ሱፍም አይረዳም። ካልሲ በማይደረግበት ሥፍራ መፍትሔው ወለሉ ላይ ነው፦ ከምንጣፉ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ወይም የቡሽ ንጣፍ ይዘርጋ። ሙቀትዎን የሚወስደው ከአየሩ ይልቅ ድንጋዩ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ካህናት ደግሞ ሲጨርሱ እግራቸውን በዓይን ይመርምሩ፤ ቁስል ላይሰማቸው ይችላል። ሙቅ ነገር ላይም አያሳርፉት።

ከኦስሎ፦ ጨለማው ከበደኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ሰዓት ትነሣለህ? ቀን ውጪ ትወጣለህ? መድኃኒት አለህ? ከላይ ጠይቄያለሁ። ያለዚያ የምመልሰው የለኝም።

ከስቶክሆልም፦ ቡና በከሰል ማፍላትስ? መስኮት ትንሽ ከፍቼ? ቤቱንም ያሞቃል።

መልስ፦ አይቻልም። መስኮት ቢከፈትም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ የሚነሣ አይኖርም። አገር ቤት ግቢ ውስጥ ነበር የምናነደው፤ እዚህ ቤቱ አየር እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ።

ከኡሜዮ፦ ለዕጣን ትንሽዬዋስ ከሰል?

መልስ፦ አሁን መለስኩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ እሷም ከሰል ናት።

ከትሮምሶ፦ እኛ ጋር ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መባቻ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። የትኛው ጃኬት ይሻላል?

መልስ፦ ስለ ጃኬት ሻጩን ጠይቅ፤ ስለ ፀሐይዋ ልመልስልህ። በቀትር አካባቢ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ይሆናል፤ ያቺ ሰዓት ሳታመልጥህ ውጣና ተራመድ። ለእናንተ ግን የጧቱ መብራት ግዴታ ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከኡሜዮ፦ መብራቱ ውድ ነው፤ ካህናቱ ራሳቸው ይግዙ ወይስ እኛ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እናንተ ግዙ! በከተማችሁ እ.ኤ.አ. በ2012 የኤሌክትሪክ ድርጅቱ አውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ የሕክምና መብራት ተክሎ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ብርሃን እንዲያገኝበት። ኖርዌይ ውስጥ ሪዩካን የምትባል ተራራ የጋረዳት ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተራራው ላይ ትላልቅ መስታወት ሰቅላ ፀሐይን ወደ አደባባይዋ አወረደች። ለመንገደኛ እንዲህ ከታሰበ፣ ቤተሰቡን አገር ቤት ትቶ ለመጣ ካህን አንድ መብራት ማቅረብ የሰበካ ጉባኤ ሥራ ነው። ደመወዙ በጊዜ መድረሱን እንደምታዩት ሁሉ፣ የሚያድርበት ክፍል መስኮት እንዳለው እዩ። ምድር ቤት አታሳድሩት። ቅዳሜ አንድ ሰው ሄዶ ከቀትር በፊት ይዞት ይውጣ፤ ብቻውን ከሆነ አይወጣም። በአዳራሹ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ የሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት መብራት አቁሙ፤ የሬቲናውንና የባይፖላሩን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ጽፋችሁ አጠገቡ ለጥፉ።

ከማልሞ፦ ሌሊት ማኅሌት ቆሜ ጧት ብተኛስ? መብራቱን መቼ?

መልስ፦ ተኝተህ ስትነሣ። ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ ግን ለዚያ ቀን ይቅር፤ በማግሥቱ ወደ ተለመደው ሰዓትህ ተመለስ።