ተወካዮቻችን ስለፈረሙ እናቴ ደም የመስጠት ግዴታ አለባት?

ጥያቄ፦ ተመራማሪዎች ወደ አካባቢያችን መጥተው የጡት ካንሰር እያጠኑ ነው። ተወካዮቻችን ስብሰባ ላይ ተስማምተው ፈርመዋል። እኔም የማኅበረሰብ አማካሪ ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመርጫለሁ፤ እስካሁን ግን የሠራነው መሰብሰብና ቃለ ጉባኤ መፈረም ብቻ ነው። አሁን እናቴን ደም ይስጡ እያሏት ነው። ፊርማው ያስገድዳታል? ደሙስ ከተወሰደ በኋላ የማን ነው?

መልስ፦ አያስገድዳቸውም። የተወካዮች ፊርማ ተመራማሪዎቹ ሰዉን እንዲያነጋግሩ በር ይከፍታል እንጂ ከማንም ክንድ ደም የመውሰድ መብት አይሰጥም። የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ቤተሰብንና የማኅበረሰብ መሪዎችን ማማከር ይቻላል፣ ነገር ግን ራሱ መወሰን የሚችል ሰው በገዛ ፈቃዱ ካልተስማማ ጥናቱ ውስጥ አይገባም። እናትዎ ዛሬ እሺ ብለው ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩም መብታቸው ነው፣ ሕክምናቸውም ሊጓደል አይገባም። «ሁሉም ሰጥቶ እርስዎ ብቻ?» የሚላቸው ካለ ያ ጫና ነው፤ በጫና የተገኘ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይባልም።

የደሙ ጉዳይ ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆን ሙር የተባለ የደም ካንሰር ታማሚ ጣፊያው ከወጣ በኋላ ሐኪሙ ሴሎቹን አባዝቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወስን ሴሎቹ የታማሚው ንብረት ናቸው አላለም፤ ግን ሐኪሙ የምርምርና የገንዘብ ጥቅም እንዳለው ቀድሞ መናገር ነበረበት አለ። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፣ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፦ ናሙና ከእጅ ከወጣ በኋላ «የኔ ነው» ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ ጉልበትዎ ያለው ከመፈረም በፊት ነው።

እናትዎ እንዲፈርሙበት የተሰጣቸውን የፈቃድ ቅጽ ያምጡና ወደ መጨረሻው ገጽ ይሂዱ። ብዙ ጊዜ እዚያ ታች «ናሙናዬ ለወደፊት ምርምር እንዲውል ፈቅጃለሁ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ለየትኛው ምርምር? ለስንት ዓመት? ለሌላ ተቋም ይተላለፋል? እናትዎ ለዚህ ጥናት እሺ ብለው ያቺን መስመር እምቢ ማለት መቻል አለባቸው። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ ስምና መለያው ተነቅሎ ከሌላው መረጃ ጋር የተቀላቀለ ውጤት ተመልሶ አይወጣም።

ወደ እርስዎ ኮሚቴ ስመጣ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሥልጣኑ በጽሑፍ ያልሰፈረ ኮሚቴ ለፎቶ ነው የሚጠቅመው። የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሻሻል ማኅበረሰቡ ከጥናቱ በፊት፣ በጥናቱ ጊዜና ከዚያም በኋላ ትርጉም ባለው መንገድ እንዲሳተፍ ይላል። ይህ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በአሜሪካዊቷ ሄንሪዬታ ላክስ ጉዳይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1951 የማኅፀን በር ካንሰር ታማሚ ሳሉ ሳያውቁ የተወሰዱት ሴሎቻቸው ለምርምር ዓለምን አዳረሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን የዘረመል መረጃቸውን ማን ማየት ይችላል የሚለውን በሚገመግመው ቡድን ውስጥ ሁለት የቤተሰቡ አባላት ወንበር አገኙ። እነሱ ስድሳ ዓመት ጠብቀዋል፣ እናንተ አትጠብቁ!

አሁኑኑ የመግባቢያ ሰነድ ይጠይቁ። ናሙና ከመተላለፉ በፊት ኮሚቴው እንደሚጠየቅ፣ ውጤቱ ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ መቼ እንደሚነገር፣ በተለይ ደግሞ አንዲት ሴት ጡቷ ላይ ችግር ከተገኘ ማን ወደ ሕክምና እንደሚያደርሳት ይጻፍበት። ተመራማሪዎቹ እምቢ ካሉ ጥናቱን ላጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያመልክቱ፤ አድራሻው ቅጹ ላይ መኖር አለበት። ደብዳቤው ቀንና ፊርማ ይኑረው፣ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ እርስዎ ጋ ያስቀሩ።