ከዘንዘልማ መሠረት ስለወጣው ብረት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ላይ የቤት መሠረት ስታስቆፍር ዝገት የበላው ብረት አገኘህ። ስንዝር ተኩል ይሆናል፣ ጫፉ ሹል ነው፣ ሌላው ጫፉ ክፍት ነው። ጎረቤትህ «የድሮ ጦር ነው» አለህ። አንዱ ደግሞ ሊገዛህ መጣ።

እኔ ከፎቶው የማየው ማረሻ ነው። ያደግሁት አራሽ ቤት ነው፤ የዶለዶመ ማረሻ ይዤ ወደ ብረት ሠሪ የምላከው እኔ ነበርኩ። የጦር ጫፍ ቀጠን ይላል፣ ግራና ቀኙ ስለት ነው። ያንተው ወፍራም ነው፣ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ አልቋል። በዚያ ወገን ስንት ክረምት አፈር ሲፍቀው ኖሯል። ክፍት የሆነው ጫፍ እንጨቱ የሚገባበት ነው። እዚያው ጉድጓድ ቀለበት መሳይ ብረት ፈልግ። ወገሉ ነው፣ ድግሮቹን፣ ማለትም ግራና ቀኝ ያሉትን የእርሻ እንጨቶች፣ ከማረሻው ጋር የሚይዘው። እሱ ከተገኘ ጥርጣሬ የለኝም።

ቦታውም ይመሰክራል። ያው ብረት ጣና ዳር ባለው የገዳም አገር፣ ዘጌ፣ ተገኝቶ ቢሆን ማረሻ ነው ለማለት አልደፍርም ነበር። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ሆኖ ነው የኖረው፤ ሰው የሚተዳደረው በቡናና በጌሾ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መገኘቱ ግን በጣም የቆየ ነው ብሎ አያታልልህ። ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ዕቃ ይውጣል።

አደራህን፣ አትጠበው። ከዓመታት በፊት ዘጌ ዘመድ ጓሮ አረንጓዴ የለበሰች ትንሽ ቃጭል አገኘን። በሎሚና በአመድ ፈተግኋት፣ እንደ ወርቅ አበራች። አንገቷ ላይ ፊደል የሚመስል ጭረት ነበር። ስጨርስ ጠፍቷል። የማን እንደነበረች ሊነግረን የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አፈሩን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፍ። አረንጓዴ ዝገት የመዳብ ወይም የነሐስ ነው፣ ቀይ ቡናማው የብረት። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥተህ አስጠጋ፤ ብረትን ይስባል፣ ነሐስን አይስብም። ፎቶ ስታነሳ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጥ፣ መጠኑ ይታወቃል። ቁፋሮው ሲቀጥል ማርትሬዛ ብር ቢወጣም 1780 የሚለውን አይተህ ዕድሜውን አትቁረጥ። በኋላ የተመታውም ያንኑ ዓመት ነው የሚይዘው።

ድፍን፣ ክብ ወይም ክንፍ ያለው ብረት ከወጣ ግን አትንካው። ሠራተኞቹን አርቅና ፖሊስ ጥራ። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ፈንጂ ዛሬም ሊፈነዳ ይችላል።

ለገዢውም አትስጠው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ሳያስበው ቅርስ ያገኘ ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማረሻ ቢሆንም ለባህልና ቱሪዝም ሰዎች ማሳየቱ አይጎዳህም። ጉድጓዱን ከመሙላትህ በፊት ወገሉን ፈልግልኝ፣ ካገኘኸው ፎቶውን እዚሁ ለጥፍ።